በአያቴ ቀብር ያነበብኩት ወረቀት

አያቴ ከሞተ ዓመት ሊሆነው ነው፤ እኔ ግን ቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ደሜ ይፈላል። ወረቀቱን ያነበብኩት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።

ደብረ ብርሃን አስተማሪ ስለሆንኩና ድምፄም ስለሚሰማ፣ አስከሬኑ አገሩ አንኮበር ሳይደርስ ቤተሰቡ ጽሑፉንም ንባቡንም ለእኔ ሰጠኝ። ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። እያለቀስኩ እስቅ ነበር፤ የአያቴ ሕይወት ሌላ ዓይነት አጻጻፍ አይፈቅድም። የቄስ ልጅ ሆኖ ዳዊት ሳይጨርስ ከየኔታው አለንጋ አምልጦ ቁልቁል አልዩ አምባ የወረደ ሰው ነው። በቅሎ ነገደ፣ ከግመለኞች ጋር አዋሽ ድረስ ሄደ። ሚስት አግብቶ ልጆች ከወለደ በኋላ እንኳ አንድ ቀን ጨው ሊገዛ ደብረ ሲና ወርዶ፣ አሰብ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘና ተሳፈረ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠርሙስ የባሕር ውሃ ይዞ ተመለሰ። ሞቷል ብለው ሊያለቅሱ የተሰበሰቡትን ጎረቤቶች አንድ በአንድ አስቀመሳቸው። ሴት አያቴን ደግሞ "ጨው አይደል የላክሽኝ? ይኸው ከነምንጩ!" አላት። ለሳምንት አላነጋገረችውም።

እንዲህ ነበር፤ ያናድዳል፣ ግን እሱ ሲገባ ቤቱ ይሞላል። ትምህርት ሲዘጋ እኔንም በቅሎው ላይ ከኋላው አፈናጥጦ አልዩ አምባ ገበያ ይወስደኝ ነበር። እዚያ የምናርፈው አንድ ሙስሊም ጓደኛው ቤት ነው። ለምሳችን ዶሮውን ከነነፍሱ ያመጡለታል፤ አያቴ ራሱ አማትቦ ያርዳል፤ የቤቱ ሴቶች ይሠሩልናል። እነሱ ከእኛ ሥጋ አይበሉም፣ እኛም ከእነሱ አንበላም፤ በዚህ የሚቀየም ሰው ግን አላየሁም።

የዚህን ጓደኝነት መነሻ አያቴ ስንት ጊዜ እንደነገረኝ አላውቅም። በጉርምስናው ከአዋሽ ሲመለስ ወባ ጣለው። ጓደኛው ግመል ላይ አስሮ አልዩ አምባ እናቱ ቤት አደረሰው። የጓደኛው እናት ለወራት አስታመመችው። የሚያርድለት ክርስቲያን በአቅራቢያው ስላልነበረ ሥጋ አላቀረበችለትም፤ በወተትና በአጥሚት አቆየችው። እሮብና ዓርብ ሲሆን ደግሞ ወተቱን ትከለክለዋለች። "ዛሬ ጾምህ ነው" ትለዋለች።

"እኔ ቀኑ ጠፍቶብኝ እቃዣለሁ፣ እሷ ጾሜን ትቆጥርልኛለች" እያለ ሲያወራ ድምፁ ይሰበር ነበር።

ደብረ ብርሃን እኔ ቤት ታሞ በተኛበት ሰሞን እጄን ያዘና "ታሪኬ ሲነበብ የዚያች ሴትዮ ውለታ እንዳይቀር። ለልጇም ይነበባል ብዬዋለሁ" አለኝ።

"አይቀርም አባባ" አልኩት።

ቀረ።

ታላቁ አጎቴ ወረቀቴን ተቀብሎ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዝ ጀመር። ዕድሜውን ቢሮ ውስጥ ስለጨረሰ የሰው ሕይወት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስለዋል። ኩብለላው ጠፍቶ "ከልጅነታቸው ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ታንጸው" ተባለ። አሰብ ጠፋ። ወባውና ሴትዮዋ ጋ ሲደርስ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሰረዘ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የራሱ ኑዛዜ ነው" አልኩት።

"ሙስሊም ቤት ለወራት ተቀመጠ ብለሽ ቄሶች ፊት ልታነቢ ነው? ምን ሥጋ ሲበላ ከረመ አይሉም?"

"ሥጋ አልበላም! እሮብና ዓርብ እንኳ..."

"ማን ያን ሁሉ ይሰማል? ሰው የሚሰማው መጀመሪያውን ነው። የቄስ ልጅ ነው፤ አታዋርጂው።"

ማን ነው ያዋረደው? አንድም ቀን ሰውን ፈርቶ የማያውቀውን ሰው፣ ከሞተ በኋላ የልጆቹን ፍርሃት አለበሱት። የትም ሄዶ የማያውቅ፣ ማንም ያላዳነው፣ የማንም ውለታ የሌለበት ሽማግሌ አደረጉት። እኛ ቤት አያቴን አንቱ ያለው ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱ ግን ከላይ እስከ ታች አንቱ ብቻ ነው። ባነበብኩት ቁጥር ልቀደው ይቃጣኝ ነበር።

አልቀደድኩትም። እኔ የጻፍኩትን ሦስት ገጽ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ድምፅ ማጉያውም እጄ ላይ ነው። ሬሳ ፊት ቆሜ ሳነብ ማጉያውን ሊነጥቀኝ የሚደፍር ሰው አልነበረም። እኔ ግን አጎቴ ያረመውን አንዲት ቃል ሳልጨምር አነበብኩት። ሴቶቹ አለቀሱ፣ አጎቴም ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። ጨርሼ ቀና ስል ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ የአልዩ አምባው የአያቴ ጓደኛ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ቆመው አየኋቸው። በዚያ ዕድሜ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው መጥተዋል።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አላህ ያጽናሽ ልጄ" አሉኝ እጄን ይዘው። "ጆሮዬ ከከዳኝ ቆየ። ማጉያው ሲጮህ ሰማሁ እንጂ ቃሉን አልለየሁትም። የእናቴ ነገር ተነበበ? ይነበባል ብሎኝ ነበር።"

አጎቴ ከእኛ ሁለት ሰው አልፎ ተቀምጧል። ንፍሮውን እየቆረጠመ መሬት መሬቱን ያያል። ያኔም እውነቱን መናገር እችል ነበር።

"ተነቧል አባባ" አልኳቸው።

"ጾሙን ትቆጥርለት የነበረውም?"

"እሱም።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ወደ ልጆቻቸው ዞሩ። "የአያታችሁ ውለታ በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ተነሣ። ሰማችሁ አይደል?"

የሁለቱም ጆሮ ደህና ነው። አጥሩ ሥር ቆመው ያነበብኩትን ሁሉ ሰምተዋል። ታላቁ ዓይን ዓይኔን እያየ "አዎ አባ፣ ሰምተናል" አላቸው።