ከሰይድ ጋር የተጋራነው መርፌ

ሚሌኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት የሆነ ነው። ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተናግሬው ስለማላውቅ ይሆናል እስከ ዛሬ የሚከብደኝ።

ቆቦ ከተማ ብቻዬን የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ስኳር በሽታ ከያዘኝ ቆይቷል። ሰይድን ያወቅኩት በክትትል ቀን ወረፋ ስንጠብቅ ነው። ከጎብዬ ወዲያ ማሽላ የሚያርስ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። እሱም እንደኔ ኢንሱሊን ይወጋል። የኛ አገር ሙቀት መድኃኒት ስለሚያበላሽ ትርፍ ብልቃጡን እኔ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል። በገበያ ቀን በማለዳ ይመጣና ተወግቶ ቁርስ አብረን እንበላለን።

አንድ ሰሞን መርፌ ከከተማው ጠፋ። ሰይድ አልቆበት መጣ።

«እኔም የቀረችኝ አንዲት ናት፤ እሷኑ እየደጋገምኩ ነው» አልኩት።

«ታዲያ እኔና አንተ ምን ልዩነት አለን ካሳ? አምጣት» አለኝ።

በፈላ ውሃ አጥቤ ሰጠሁት። ከወልድያ መርፌ እስኪመጣ ሦስት ቀን እኔ ቤት አደረ፤ ሁለታችንም በሷው ተወጋን። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ወራት አለፉና የሰይድ ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ምግብ አስጠላው። ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ቅጠል ጨምቆ አጠጣው። ስኳሩም አልስተካከል አለ። አንድ ቀን ወርዶ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሌላ ቀን ወጥቶ ራሱን ይስታል።

ሚስቱ ዘይነባ ላከችብኝና መኪና ይዘን ደሴ ወሰድነው። ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ፣ «የጉበት ቫይረስ ነው። ከስኳሩ ጋር ሲሆን ሁለቱ እየተጋገዙ ሰውን ይጥላሉ» አለን። ቀጥሎ «መርፌ ከሰው ተጋርቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ።

«ኧረ የለም» አለች ዘይነባ።

እኔ ዝም አልኩ።

ሰይድ በሳምንቱ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ሄጄ ተመረመርኩ። ቫይረሱ እኔም ላይ አለ። «ያንተ የቆየ ነው። ለዓመታት ሳታውቀው አብሮህ ኖሯል» አለኝ ሐኪሙ። ከማን እንደያዘኝ አላውቅም። ሰይድን ከማን እንደያዘው ግን ገባኝ።

ዘይነባን ከልጆቿ ጋር እንድትመረመር ለመንኳት። «እሱን የገደለው ስኳርና ወፍ ነው፤ እኔ ምን ሆኜ?» ብላ እምቢ አለች። ሌላ መንገድ ስላጣሁ ሁሉንም ነገርኳት።

«ሰይድ ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አላወቀም። እኔም አላወቅኩም ነበር።»

«ሐኪሙ ሲጠይቀን ግን መርፌ መጋራታችሁን ታውቅ ነበር። አጠገቤ ቆመህ ዝም አልክ።»

ተነስታ በሩን ከፈተችልኝ። ወጣሁ።

ከወር በኋላ ከጎብዬ የመጣ ሰው ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ «ዘይነባ ናት የላከችኝ፤ ‹ተመርምሬያለሁ፤ ልጆቹም እኔም ነጻ ነን በለው› ብላኛለች» አለኝ።

«ሰላም በለው አላለችም?» አልኩት።

«አላለችም» አለና አጎነበሰ።

እኔ አሁን መድኃኒት እየወሰድኩ በሕይወት አለሁ። መርፌውን የሰጠሁት ሳላውቅ ነው፤ ለዚያ ፈጣሪ ይቅር ይለኛል እላለሁ። ለሐኪሙ ብናገር ኖሮ ሰይድ ይድን ነበር ብዬም አላስብም። ግን በዚያች የሐኪሙ ክፍል ውስጥ የፈራሁት ለሰይድ አልነበረም፤ ለራሴ ነበር። ያን ዝምታዬን ከዘይነባ በቀር ይቅር ሊለኝ የሚችል ሰው የለም፤ እሷን ደግሞ ሄጄ ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረቱን አላገኘሁም።