የአንሙት ድምፅ አልባ ቴሌቪዥን

አንሙት ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ልብስ ይሰፋል። ከደምበጫ ከመጣ ጀምሮ ወይዘሮ የብርጓል ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ድህነቱን የሚደብቅ ሰው ሞልቷል፤ አንሙት ግን የሚደብቀው ማግኘቱን ነበር። አልጋ ሲገዛ ወይዘሮ የብርጓል በራቸው ላይ ቆመው አዩና ኪራይ ጨመሩ። ቁም ሣጥን ሲያስገባ «ተመስገን፣ ሞላልህ» ብለው መረቁትና ደግመው ጨመሩ።

ኋላ የኪራይ አዋጅ መጣ። አከራይ እንዳሻው መጨመሩ ቀረ ተባለና ሁለቱም ቀበሌ ሄደው ውል አስመዘገቡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንሙት ግን ወረቀቱን አላመነውም። ሕጉ ያለው ቀበሌ፣ ወይዘሮ የብርጓል ያሉት ግቢ። ስለዚህ ቴሌቪዥን ሲገዛ የጭድ ማዳበሪያ ውስጥ ከቶ አስገባው። ማታ ማታ ከሚስቱ ከፋንታነሽ ጋር ድምፁን ዘግተው ተከታታይ ድራማ ያያሉ። ሰዎቹ ምን እንደሚባባሉ እሷ ትገምታለች፣ እሱ ይከራከራታል።

ጉድ የፈላው ፋንታነሽ ስታረግዝ ነው። ልጅ በጭድ ተሸፍኖ አይገባ ነገር! አንሙት «ሰበብ ፈልገው ያስወጡናል፤ አራስ ይዤ የት እገባለሁ?» እያለ እንቅልፍ አጣ።

ፋንታነሽ ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ተገላግላ ስትመለስ የጎረቤት ሴቶች ተሰበሰቡ።

«እባካችሁ፣ ቀስ ብላችሁ» ብሎ ለመናቸው። ሴቶቹ ግራ ገብቷቸው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው እልል አሉ።

የፈሩት ይደርሳል። ወይዘሮ የብርጓል በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ገቡ።

«ልጅ ነው ወይስ የተሰረቀ በግ? ምነው ትደብቁታላችሁ?» አሉና እልልታውን ራሳቸው አቀለጡት። ቀጥለው ወደ ጥጉ ሄደው ቴሌቪዥኑ ላይ የተጣለውን ጨርቅ ገፈፉት። አንሙት ውሉን ከፍራሹ ሥር መዘዘ።

«እትዬ፣ ውሉ እኮ…»

«አስቀምጠው። እኔም ፈርሜበታለሁ፤ እንዳሻኝ እንደማልጨምር አውቃለሁ። ደግሞስ አራስ ላስወጣ? ምን አድርጌህ ነው እንዲህ የምትፈራኝ?»

አንሙት የአልጋውንና የቁም ሣጥኑን ነገር ሊያነሳ ብሎ ተወው።

ወይዘሮ የብርጓል ሕፃኗን ታቅፈው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ይኸን ካስገባህ ጀምሮ በመስኮቱ ቀዳዳ አብሬያችሁ ሳይ ነው የከረምሁት። አሁን ድምፁን ክፈተው። ያቺ ሴት ባሏን ለምን እንደ ፈታችው ሳላውቅ ልሞት ነው።»

አንሙት ሪሞቱን ፍለጋ ተነሳ። ለነገሩ እነሱም አያውቁም ነበር።