ሃምሳ አለቃ ደምሴ እና የባቡሩ ፊልም ጠመንጃ

ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። «ሃምሳ አለቃ ደምሴ አረፈ» የሚለውን እጄ ይጽፈዋል፣ ዓይኔ አያምነውም። ከትናንት ወዲያ እኮ በስልክ ስናወራ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ልጁ ሳራ ደወለችልኝ። «አንክል፣ ዳዲ ወንበሩ ላይ ነው፣ አይነሳም» አለች። ግሌንዴል ቤታቸው ስደርስ አምቡላንሱ በር ላይ ቆሟል፣ ሰዎቹ ግን አይቸኩሉም። ያኔ ገባኝ። ልቡ ነው አሉ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላ ወጣሁ። የኮልፋክስን ጎዳና ይዤ ፓርክ ሂል ድረስ ነዳሁ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ነዳሁ። አሁን አውሮራ አንድ የአስቤዛ ግሮሰሪ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ነው የምጽፍላችሁ።

ለማታውቁት፣ ደምሴ አገር ቤት እያለ በጦሩ ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። የተበላሸ ጠመንጃ ፈትቶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ መልሶ የሚገጥም። እዚህ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ኖረ። ኮሎራዶ ውስጥ ጠመንጃ ከዓሣ ማጥመጃ ጎን ተሰቅሎ ይሸጣል፤ እሱ ግን እንደዚያ ያለ ሱቅ አንድ ቀን ረግጦ አያውቅም።

የተኩስ ፊልም ግን ይወዳል። «ጠመንጃ ይህን ያህል ከጠላህ ለምን ታያለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እዚህ ውስጥ የሞተው ሁሉ ሲያልቅ ተነስቶ ምሳውን ይበላል» አለኝ።

በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። አንቱ ልለው ስሞክር «አንቱ ካልከኝ አርጅቻለሁ ማለት ነው» ብሎ ከልክሎኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት የእኛ ነበር። ሪሞቱን እኔ እይዛለሁ። ጠመንጃ ብቅ ስትል ጣቱን ያነሳና «አስቁማት፣ ትውውቅ አለን» ይላል። ስሟን፣ አገሯን፣ ስንት ጥይት እንደምትጎርስ ይነግረኛል። የተተኮሰውንም ይቆጥራል። «ይህ ሽጉጥ ስምንት ነው የሚጎርሰው፤ ሰውየው አስራ አራት ተኮሰ። ስድስቱን ከጎረቤት ለመነ እንዴ?» እኔ ከኢንተርኔት በለቃቀምኩት እውቀት እከራከረዋለሁ። የተሸነፈ ተነስቶ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል። ሕጋችን ይኸው ነበር።

አልዋሽም፣ አጭበረብር ነበር። አንዳንዱን ፊልም ቀደም ብዬ ብቻዬን አይቼ፣ ጠመንጃውን ፈልጌ አግኝቼ፣ ቅዳሜ ምንም እንዳላየ ሰው እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ጠመንጃው ገና ሳይወጣ ስሙን ጠርቼ ተያዝኩ። «ነቢይ ሆነሃል እንግዲህ» አለኝ፣ «ሂድና ቸርች ክፈት።» ሳራ ከጓዳ ሮጣ እስክትመጣ ድረስ ሳቀ።

ባለፈው ቅዳሜ ባቡር ላይ የሚታኮሱበትን ፊልም አየን። ሽፍታው ክላሽ ይዞ ብቅ አለ።

«አስቁማት፣ ትውውቅ አለን። የቻይና ናት።»

«ኧረ የሩሲያ ናት። ሰውየው ራሱ የሩሲያ ነው ሲል አልሰማህም?»

«እሱ ተዋናይ ነው፣ ምን ያውቃል። አፈሙዟ ጋ ያለችውን ማነጣጠሪያ እያት። የሩሲያዋ ከላይ ክፍት ናት፣ እንደ ሁለት ቀንድ። የቻይናዋ ዙሪያዋን ዝግ ናት፣ እንደ ቀለበት።»

ቴሌቪዥኑ አሮጌ ነው፣ ምስሉ ብዥ ይላል። ቀንድ ይሁን ቀለበት ሁለታችንም አልለየንም። እኔ ግን በጩኸት አሸነፍኩት። ተነሳና ሰላምታ ሰጠኝ።

እሁድ ቤቴ ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ አየሁት። ቀለበት ነው።

አልነገርኩትም። ለቅዳሜ አቆየሁለት። በሩን ሲከፍትልኝ እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቀጥ ብዬ ልጠብቀው ነበር ሐሳቤ።

ረቡዕ ደወለ። ሐኪም ጋ ሄዶ የማስታወስ ፈተና ሰጥተውት ነበር። ከነገሩት አምስት ቃል ሁለቱ ጠፉበት። ድምፁ የእሱ አልመስልህ አለኝ።

«ስማ» አለኝ፣ «ያቺ ጠመንጃ እውነት የሩሲያ ናት? ቃሉስ ይጥፋ። ጠመንጃ ላይ ግን ተሳስቼ አላውቅም።»

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «የሩሲያ ናት። አርጅተሃል፣ ተቀበል። ከቅዳሜ ጀምሮ አንቱ ነው የምልህ።» ብዬ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።

ዛሬ ጠዋት ሳራ ስታገኘው ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነበር፣ ሪሞቱ ጭኑ ላይ። ስደርስ እኔም አየሁት። የባቡሩ ፊልም ነው፣ አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ቆሟል። ጠመንጃዋ የምትወጣው አርባ ሦስተኛው ላይ ነው።

አይቷት ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶት ይሁን፣ ገና ሊደርስባት ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ይሁን፣ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ኮልፋክስ ላይ የሚያመላልሰኝ ይህ ነው።

ልጆች፣ ቀልድ አትተዉ፣ እኔም አልተውም። ሰው ድምፁ ተለውጦ ሲጠይቃችሁ ግን መጀመሪያ መልሱለት።

ሃምሳ አለቃ፣ ያቺ ጠመንጃ የቻይና ናት። ከእሁድ ጀምሮ አውቅ ነበር። ጠመንጃ ላይ ተሳስተህ አታውቅም። አሁን ከመኪናዬ ወርጄ ቆሜያለሁ፤ አንድ እጄ ግንባሬ ላይ ነው፣ በሌላው ነው የምጽፍልህ። የግሮሰሪ ጋሪ የሚገፉት ሰዎች ዞር እያሉ ያዩኛል። ይዩኝ።

ደህና ሁን፣ ወንድሜ። አንተ ነው ያልኩህ። አንቱ አልልህም።