አባ ቀስታ በቢራቢሮ ውድድር

ሰውየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። በሥራ ቦታው ማንም በስሙ አይጠራውም፤ ተሳፋሪውም፣ መካኒኩም፣ አለቃውም «አባ ቀስታ» ነበር የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም። ጉድጓድ ገና ከሩቅ ሲያይ ፍሬን ይይዛል፤ መንገድ የምታቋርጥ ድመት ካለች ሐሳቧን እስክትቀይር ድረስ ይጠብቃታል። የቸኮለ ሰው ደረጃው ላይ እግሩን አንስቶ መሪውን የያዘው እሱ መሆኑን ካየ፣ «ኧረ እኔስ በእግሬ ይሻለኛል» ብሎ ይመለሳል። አባ ቀስታ ቅር አይለውም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይልና በሩን ቀስ ብሎ ይዘጋል።

እሳት አመድ ይወልዳል ሲባል ነው የኖርነው። እሱ ቤት ግን አመዱ እሳት ወለደ። ልጁ መቀመጥ ከቻለ ጀምሮ እጁ አርፎ አያውቅም። ብርጭቆ ካለ ይወድቃል፣ መጋረጃ ካለ ይወርዳል። እናቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ ገንዳ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። አንድ ቀን ልጁ ላንዲት ሙሽራ በተሰፋ ነጭ ቀሚስ ላይ የስፌት መኪናውን ዘይት ሲደፋባት፣ ክንዱን ይዛ በቀጥታ ወደ ገንዳው ወሰደችው።

«እባክሽ እህቴ፣ ይሄን ልጅ አድክሚልኝ» አለቻት ለዋና አሰልጣኟ።

አሰልጣኟ ፊሽካ ከአንገቷ የማይለይ፣ ድምፅዋ ግን ከፊሽካው የሚብስ ሴት ነበረች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ልብስ ስፌቱ ብቅ አለችና፣ «ልጅሽ አልደከመም፤ እኔ ነኝ የደከምኩት» አለች። «ውሃውን አይዋኘውም፣ ይገርፈዋል። እንዲህ ያለ ክንድ የተፈጠረው ለቢራቢሮ ነው።»

ማታ ራት ላይ እናትየዋ ወሬውን አበሰረች።

«ልጃችን ቢራቢሮ ሆኗል።»

አባ ቀስታ የጎረሰውን ሳያላምጥ ቀረ። «ምን ሆኗል?»

«ቢራቢሮ! የዋና ዓይነት ነው። ሁለቱ እጆች አንድ ላይ ከውሃው ይወጡና ልክ እንደ ክንፍ እንዲህ...» ብላ ልታሳየው እጇን ስትዘረጋ ማሰሮውን ከነሾርባው ገለበጠችው። አባ ቀስታ ልጁ በማን እንደወጣ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ልጁ አደገ፣ ትከሻው ሰፋ፣ በበር ሲያልፍ በጎኑ የሚገባ ሆነ። የአውቶቡስ ሾፌሮቹ ግን ቀልዱን አልተዉትም። «ያንተ ልጅ ምን ይሠራል?» ይሉታል፣ እያወቁ። «ይዋኛል» ይላል። «ምን ዓይነት?» ይሉታል። ቢራቢሮ ብሎ ከመናገር ጎማ መቀየር ይቀለዋል። ከሁሉ የባሰ ያልገባው ደግሞ ርቀቱ ነበር።

«ሃምሳ ሜትር ብቻ?» አለው ልጁን አንድ ቀን። «ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ የምትነሳው? ሃምሳ ሜትር እኮ እኔ ፍሬን ይዤ እስክቆም የምጨርሰው ነው።»

«አባዬ፣ አንተ ፍሬን የምትይዘው ሳትነሳ ነው» አለ ልጁ።

እንዲህ እየተባባሉ ሳለ ልጁ ለዓለም አቀፍ ሻምፒዮና ተመረጠ፤ የወንዶች ሃምሳ ሜትር ቢራቢሮ። ከቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ አብሮ መሄድ ይችላል ተባለ።

«አንቺ ነሽ የምትሄጂው» አለ አባ ቀስታ ለሚስቱ።

«እኔ ካየሁ ልቤ ቀጥ ይላል። አንተ ሂድ። አንተ ምንም ስለማይገባህ አትደነግጥም።»

ነገሩ ስድብ ይሁን ምስጋና ሳይለይ ሻንጣው ታሰረለት። «ውሃ ያለበት ቦታ ይበርዳል» ብላም የሱፍ ሹራብ ከኮቱ ስር አስለበሰችው።

የውድድሩ አዳራሽ ግን እንደ እንፋሎት ቤት የሚያፍን ነበር። አባ ቀስታ በኮቱ፣ በሹራቡና በከረባቱ ላይ ላቡ እየተንቆረቆረ፣ የክሎሪኑ ሽታ ዓይኑን እያቃጠለው ተቀመጠ። ከጎኑ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ የያዘች፣ በዕድሜ እኩያው የምትሆን የሌላ አገር ሴት ነበረች። ፈገግ አለችለት። ፈገግ አለላት። ከዚያ ሌላ የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም።

ልጁ ጠዋት ሲለያዩ፣ «አባዬ፣ ቢጫ ቆብ አደርጋለሁ። ሁለተኛው ምድብ ላይ ነኝ፣ ዳር ያለው መስመር» ብሎት ነበር። አባ ቀስታ «ቢጫ» የምትለዋን ያዘና ሌላውን አፈሰሰው።

ዋናተኞቹ ተሰልፈው ሲገቡ ደነገጠ። ሁሉም አንድ ናቸው! ትከሻቸው ሰፊ፣ ፀጉራቸው የተሸፈነ፣ ዓይናቸው በጥቁር መነጽር የተከደነ። ከመካከላቸው ግን አንድ ቢጫ ቆብ አየ። ልቡ ዘለለች። የመነሻው ድምፅ ተሰማ፣ ሁሉም ዘለሉ፣ ቢጫው ቆብ ውሃው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ቆየ። አሁንም አልወጣም።

«ልጄ ሰጠመ!» ብሎ ብድግ አለ። «ኧረ አውጡት!»

ወዲያው ቢጫው ቆብ ከፊት ብቅ አለ፤ ሁለቱ ክንዶች ተዘርግተው ውሃውን ይገርፉት ጀመር። አባ ቀስታ ራሱን ረሳ። በሕይወቱ ጮኾ የማያውቅ ሰው፣ ያጠራቀመውን ጩኸት ሁሉ ባንድ ጊዜ አወጣው። «በለው! በለው የኔ አንበሳ! አትማረው!» ከጎኑ ያለችው ሴትም ቆማ በራሷ ቋንቋ ትጮኻለች። ቢጫው ቆብ ግድግዳውን ቀድሞ ነካ። አንደኛ!

አባ ቀስታ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሴትዮዋን አቀፋት። አቀፈችው። ጉንጩን ሳመችው። «የሰው አገር ሰው እንዴት ደግ ነው፤ ለማታውቀው ልጅ እንዲህ ትደሰት?» እያለ ሲገረም፣ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችው። ቢጫ ቆብ ያደረገ ወጣት ነው፤ እሷ ከጎኑ ቆማ አቅፋዋለች።

አባ ቀስታ ፎቶውን ቀረብ አድርጎ አየው። ራቅ አድርጎ አየው። አፍንጫው የልጁ አይደለም። ጆሮውም አይደለም። አገጩም አይደለም።

ጉዱ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ያን ሁሉ እንባ ያፈሰሰው ለሰው ልጅ ነበር።

ከኪሱ የልጁን ፎቶ አወጣና ለሴትዮዋ እያሳየ ደረቱን መታ። «ልጄ» አለ። ሊል ፈልጎ ነው እንጂ ድምፁ አልወጣም። በጩኸት ጨርሶታል። በሹክሹክታ፣ «ልጄ... ልጄ...» አለ። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ገባኝ ማለቷ ነው።

ወዲያው የሚቀጥለው ምድብ ገባ። ዳር ባለው መስመር ቢጫ ቆብ ያደረገ፣ እጁን እያወናጨፈ የሚያፍታታ ጎረምሳ ቆሟል። እጆቹን ሲያይ አልተጠራጠረም፤ ይህስ የራሱ ነው። አባ ቀስታ በጣቱ አመለከተና አፉን ከፈተ። የወጣው እንደ ዛገ በር ሲጥ የሚል ነገር ነው። ተስፋ ቆርጦ ሴትዮዋን አያት።

ሴትዮዋ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ቆመች፣ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አደረገች። «ሊጂ!» ብላ አዳራሹን አናጋችው። «ሊጂ! ሊጂ!» የልጁ ስም መስሏታል። ከኋላዋ ያሉ ዘመዶቿ ተቀበሏት። ከዚያ ያ ረድፍ በሙሉ፣ ከዚያም ወዲያ ማዶ ያሉት፣ ማን እንደሆነ የማያውቁትን ልጅ «ሊጂ! ሊጂ!» እያሉ ይጠሩት ጀመር። አባ ቀስታ መሃላቸው ቆሞ፣ ድምፅ አልባ አፉን እየከፈተ እየዘጋ፣ የከረባቱን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል።

ልጁ ስድስተኛ ወጣ። ሰዓቱ ሰሌዳው ላይ ሲበራ ግን ውሃውን በጡጫ መታና ጮኸ፤ በሕይወቱ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። አባ ቀስታ፣ ስድስተኛ የወጣ ሰው ምን እንዲህ እንደሚያስፈነድቀው ባይገባውም አብሮ ዘለለ።

በኋላ ልጁ ፎጣ ለብሶ መጣ።

«አባዬ፣ ማን ነበር የሚጠራኝ? መነሻው ላይ ቆሜ ‹ልጄ› የሚል ስሰማ፣ ያ ሁሉ ሰው የወለደኝ መሰለኝ እኮ።»

አባ ቀስታ ወደ ሴትዮዋ አመለከተ። ልጁ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት። እሷም «ሊጂ» ብላ ፀጉሩን ደባበሰችው።

ለእናት ተደወለ። አባ ቀስታ «ሄሎ» ሊል ሲጥ ሲል፣ እሷ እዚያ ማዶ ዋይታዋን ለቀቀችው። ልጁ ስልኩን ነጠቀ። «እማዬ፣ ደህና ነን! አባዬ ጮኾ ጮኾ ድምፁ ተዘግቶ ነው።»

«እሱ? ክላክስ እንኳ የማይነካው ሰውዬ? ሌላ ሰው ይዘህ ሄደህ እንዳይሆን ዞር ብለህ እየው!»

የሴትዮዋ ልጅ ለፍጻሜ አልፎ ነበርና አባ ቀስታ በማግስቱም ከጎኗ ተቀመጠ፤ አሁን ግን ኮቱንም ሹራቡንም አውልቆ። የሰው ልጅ መሆኑን እያወቀ፣ በተረፈችው ድምፁ ጮኸለት። ልጇ ስምንተኛ፣ የመጨረሻ ወጣ። ሴትዮዋ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። አባ ቀስታ ጨነቀው። ቢቸግረው በራሱ ቋንቋ ተናገረ።

«አይዞሽ እህቴ። ስምንተኛ ማለት እኮ የቀረው የዓለም ሕዝብ በሙሉ ከኋላው ነው ማለት ነው።»

ሴትዮዋ አንድም ቃል አልገባትም። ግን አፍንጫዋን ጠረገች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ ለሁለት ሰበረችና ትልቁን ለሱ ሰጠችው። እሱም ሳያንገራግር በላው፤ ከጭንቀቱ ብዛት ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም ነበር።