ኮፈኑ ላይ የተጻፈው ስም

ኤርሳዶ ቀናተኛ ነው። ሶዶ ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እሱ ራሱም አይክድም። የሚቀናው ደግሞ በሩቅ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ በገዛ ታናሽ ወንድሙ በቶማ ነው።

የአባታቸው የአቶ ቦጋለ አሮጌ ላንድሮቨር ጓሮ እንሰቱ ሥር ሃያ ዓመት ቆማ የዶሮ ማደሪያ ሆና ነበር። ኤርሳዶ ጋራዥ አለውና ከሦስት ዓመት በፊት ጎትቶ አስገባት። የደንበኛ ሥራ ሲጨርስ ወደ እሷ ይዞራል። ሞተሯን አወረደ፤ ዝገት የበላውን ላሜራ ቆርጦ በየደ፤ ፍሪሲዮን ሲጠፋ ከአንዲት የወደቀች መኪና ለምኖ ፈታ። ቶማ ሐዋሳ ቢሮው ቁጭ ብሎ "እንዴት ሆነች?" እያለ ይደውላል። መደወል እኮ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ የወንበር ልብስ ገዝቶ ላከ፤ አቶ ቦጋለ ለጎረቤቱ ሁሉ ያሳዩት ያንን የወንበር ልብስ ነው።

ጠያቂ በመጣ ቁጥርም የሚያወሩት አንድ ነገር ነው። እናትየው ምጥ ይዟት ወደ ኦቶና ሆስፒታል ሲከንፉ ቶማ እዚያችው ላንድሮቨር የኋላ ወንበር ላይ ተወለደ። ኤርሳዶ እንደ ማንም ሰው ቤት ውስጥ ተወለደ፤ ምን ይወራለታል?

መኪናዋ ተጠግና ሞተሯ የተነሣ ዕለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ለምስጋና ጸሎት መጡ። ስም ማውጣቱ ለአባት ተተወ። አቶ ቦጋለ ኮፈኑን ዳበስ ዳበስ አድርገው "ቶማ ትባል" አሉ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ኤርሳዶም አብሮ አለ፤ አንጀቱ ግን አረረ። ሦስት ዓመት በግራሶ የተለወሰው እሱ፣ ስሙ የቶማ!

ስሙን የመጻፉም ሥራ በእሱው ላይ ወደቀ። የአባቱን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀለሙ ይታያቸዋል እንጂ ፊደሉን አይለዩትም። ኤርሳዶ ብሩሹን ቀይ ቀለም ውስጥ ነከረና አሳምሮ "ኤርሳዶ" ብሎ ጻፈ።

"ጻፍከው?" አሉት።

"ጽፌዋለሁ፣ አባዬ።"

ምን ብሎ እንደጻፈ አልጠየቁትማ።

በገበያ ቀን ኤርሳዶ አባቱን በመኪናዋ ይዞ ወደ ቦምቤ ገበያ ወረደ። ገና ከመቆማቸው አንድ የድሮ ወዳጃቸው፣ ዝንጅብል ነጋዴ፣ ወደ መስኮቱ መጣ።

"የኤርሳዶ አባት፣ እንዴት ሰነበቱ! መኪናዋንም ኤርሳዶ አሏት?" ብሎ ሳቀ።

አቶ ቦጋለ አልሳቁም፤ ልጃቸውንም ሰው ፊት አላጋለጡም። ሰላምታውን መልሰው ሰውዬው እስኪሄድ ጠበቁ።

"ቅር ካለህ ለምን ብለህ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "እኔን አገሩ ሁሉ ዕድሜህን ሙሉ የኤርሳዶ አባት እያለ ነው የሚጠራኝ። የቶማ አባት ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። የመኪናዋ ስም እንኳ የእሱ ይሁን ብዬ ነበር።"