ጋሽ ሰይድን ባሕር ያሳየሁበት ቅዳሜ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያቺን ቅዳሜ ግን አርብ በመጣ ቁጥር በሬን አንኳኩቶ የሚያስታውሰኝ ሰው አለ።

የምኖረው ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ዲለር ነኝ፤ ካዚኖ ውስጥ ካርድ አድላለሁ። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ጋሽ ሰይድ ከልጃቸው ከዘሃራ ጋር ይኖራሉ። የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከታናሽ ወንድማቸው ከሁሴን ጋር አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ሲያራግፉ ኖረዋል። እዚህ ደግሞ የሆቴል አንሶላ ሲያጥቡ ቆይተው ጡረታ ወጡ። ከተዋወቅን ጀምሮ የሚለምኑኝ አንድ ነገር ነው፤ ካሊፎርኒያ ወስደህ ባሕር አሳየኝ።

እኔም መልስ አጥቼ አላውቅም። ባሕር ዝናው የበዛው መግቢያ ስለማይከፈልበት ነው እላቸዋለሁ። ሰው ለረጅም ሰዓት ያፈጠጠበት ነገር ሁሉ ጥልቅ ይመስለዋል፤ የቁማር ማሽን ላይም እንዲሁ ነው የሚያፈጠው እላቸዋለሁ። እሳቸውም፣ "አንተ ፈላስፋ፣ መኪናዬ ተበላሽቷል ብትል ይቀልህ ነበር" ብለው ይስቃሉ።

ሐሙስ ጠዋት ዘሃራ መጣች። አጎቷ ሁሴን ረቡዕ ዕለት ኮምቦልቻ ላይ አርፏል። አባቷ አልሰሙም። ስልክህን አፕዴት ላድርግልህ ብላ ወስዳባቸዋለች። መርዶ በወጉ ንጋት ላይ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እኛ ከተማ ግን ንጋት ላይ ግማሹ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ግማሹ ገና ከሥራ መግባቱ ነው። የሁሉም ሺፍት ሲሰላ ሰው የሚገኘው እሑድ ከሰዓት ብቻ ሆነ። እስከዚያ ጋሽ ሰይድን ከቤት የሚያርቅ ተፈለገ።

"ጋሼ፣ አባባን ባሕር አሳየው" አለችኝ። "አንተ ዲለር ነህ፣ ፊትህ ምንም አይናገርም።"

ይህን ልማድ እንደማልወደው ነገርኳት። ሰባ ዓመት ካለፈው ሰው የገዛ ወንድሙን ሞት መደበቅ እንደ ሕፃን መቁጠር ነው አልኳት። ሞት የሟቹና የወንድሙ ጉዳይ እንጂ የኮሚቴ ጉዳይ አይደለም አልኳት። ንግግሬን እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀችኝና፣ "ስንት ሰዓት ትነሣላችሁ?" አለችኝ።

የዚያኑ ዕለት ደረጃውን ወጥቼ ጋሽ ሰይድን ጋበዝኳቸው። ትንሽ አዩኝና እሺ አሉ።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። በረሃውን ስናቋርጥ ስለ ሁሴን ብቻ አወሩ። ሁሴን ውኃ ይፈራ ነበር። ሥራ ሲወጡ ጋሽ ሰይድ ይዋኛሉ፤ እሱ ልብሳቸውን ንፋስ እንዳይወስደው ላዩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። "ስወጣ ሸሚዜ ሙቅ ነው" አሉኝ። ከአሰብ ከወጡ በኋላ ሁለቱም ባሕር አላዩም። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ይደዋወላሉ፤ ስልኩም የሚዘጋው አንድ ቀን አብረን እናያለን ተባብለው ነው።

ትናንት አርብ ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን ስልክህን አውሰኝ አላሉኝም። ዕድለኛ ነኝ አልኩ በልቤ።

ከቀትር በኋላ ደረስን። ቦታው ወደ ባሕሩ ርቆ የገባ ጥቁር ቋጥኝ ነው። ጫፉ ላይ ለመርከቦች መብራት የሚያሳይ የድሮ ማማ ቆሟል፤ ማዕበሉ ከሥሩ እየተላተመ አረፋ ይሆናል። በስተግራ ያለው አሸዋ ላይ የባሕር ዝሆን የሚሏቸው አውሬዎች፣ አንዳንዳቸው መኪናዬን የሚያክሉ፣ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ጋሽ ሰይድ ከአጥሩ ሆነው ቃኟቸው።

"ይሄ ያልተራገፈ ጭነት ነው" አሉ። "ኃላፊው ማነው?"

የቀትሩን ሰላት፣ ዙህርን፣ ለመስገድ የመካን አቅጣጫ፣ ቂብላውን፣ ስልኬ ላይ ፈለግሁላቸው። ወደ ተራራው አመለከተ። አሰብ ሲሰግዱ ባሕሩ ፊት ለፊታቸው እንደነበር ነግረውኝ፣ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ሰገዱ። ሲጨርሱ ዞረው ረጅም ጊዜ አዩት። አብሬያቸው አየሁ። ደግነቱ የባሕርን ዝና በተመለከተ አስተያየቴን አልጠየቁኝም።

ማማው ሥር ታሪኩን የሚናገር ሰሌዳ አለ። እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው። ያኔ መንገድ አልነበረም። የመብራቱ ጠባቂ ከነቤተሰቡ እዚሁ ቋጥኙ ላይ ይኖራል፤ ደብዳቤ የሚመጣለት በጀልባ ነው። ባሕሩ ከተቆጣ ወራት ይጠብቃል።

"እናቱ ብትሞትስ?" አሉኝ።

"ደብዳቤው እስኪደርስ አያውቅም።"

"ስለዚህ እስከዚያ በሕይወት ትቆይለታለች" አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። "ሁሴን መቼ ነው የሞተው?"

ካርድ ሳድል ሃያ ዓመት ያሠለጠንኩት ፊቴ ከዳኝ።

"ረቡዕ" አልኩ።

"ተቀበረ?"

"የዚያኑ ዕለት።"

አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከንፈራቸው በዱዓ ተንቀሳቀሰ። እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው።

"ስልኬ ከተወሰደ ሦስት ቀኑ ነው፤ አንድ ሰው ደውዬ አጣሁህ አላለኝም። ደግሞ አንተ ባሕር ላሳይዎት ብለህ ደረጃ ወጥተህ መጣህ። ያኔ ከእኔና ከሁሴን አንዳችን ሞተናል አልኩ። እኔ አለሁ።"

"ታዲያ ለምን እሺ ብለው መጡ?"

"አንተ እስክትነግረኝ ድረስ ሁሴን በሕይወት ነበራ። አብረን እንድናየው ብዬ ነው።"

ከዚያ ኮታቸውንና ጫማቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ አኖሩና፣ አውሬ በሌለበት በኩል ወዳለችው ትንሽ ዳርቻ ወረዱ። ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ውኃው አጥንት ይሰብራል፤ እሳቸው ግን ቆመው ቀሩ። ንፋሱ የኮታቸውን እጅጌ ማንሣት ጀመረ። ማንም ሳያዘኝ ሄጄ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

ሲመለሱ ተነሥቼ አለበስኳቸው። አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ፣ ኮቱ ላይ አሳረፉ።

"ሙቅ ነው" አሉ።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ "ለዘሃራ እንዳትነግራት" አሉኝ። "ሰው ለምና፣ ሺፍት አስቀይራ ነው የምታሰባስበው። እነሱ ይንገሩኝ።"

መንገድ ላይ አድረን እሑድ ከሰዓት ገባን። በራቸው ላይ የሰው ሁሉ ጫማ ተደርድሯል። ጋሽ ሰይድ ጫማዎቹን አዩ፤ ክንዴን ጨመቅ አደረጉና ገቡ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው በወጉ አረዷቸው። ጋሽ ሰይድ ጮኸው አለቀሱ፤ ሰው ደገፋቸው። የታይታ እንዳይመስላችሁ። ቋጥኙ ላይ አንድም እንባ አልወጣቸውም ነበር። ለካ ለማልቀስ የሚደግፍ እጅ ያስፈልጋቸው ኖሯል። ዘሃራ ራቅ ብላ በዓይኗ አመሰገነችኝ፤ ምስጢር የጠበቅሁ መስሏት። እኔም ጠብቄያለሁ፤ የማንን እንደሆነ ግን አታውቅም።

መርዶን አሁንም አልወድም። ብቻ ስለሱ ንግግር ማድረግ ትቻለሁ። ስልኬ ላይ ግን በዚያ ዳርቻ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጭኛለሁ፤ በረሃ መሐል የሚኖር ሰው ምን እንደሚሠራበት አትጠይቁኝ። ሥራ ላይ፣ በሁለት ጨዋታ መሐል፣ የማዕበሉ ድምፅ ይመጣብኛል። እንደሱ ያለ ነገር እናፍቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ለሁሴን ይደውሉበት በነበረው ሰዓት፣ ጋሽ ሰይድ በሬን ያንኳኳሉ። አይገቡም።

"ዛሬስ?" ይሉኛል።

ስልኬን አያለሁ። "ሞልቷል" እላቸዋለሁ፤ ወይም "እየሸሸ ነው።"

እሺ ብለው ደረጃውን ይወጣሉ።