የወይዘሮ ይመኙሻል የእግር ስለት

ወይዘሮ ይመኙሻል ከደብረ ብርሃን አንኮበር ድረስ በእግራቸው ሊሄዱ መሆኑ ሲሰማ፣ አስቀድሞ የደከመው ልጃቸው ገብረአብ ነበር። ገብረአብ እህል ነጋዴ ነው፤ የሚፈራው ነቀዝንና የሰው አፍን ነው።

«እሱ መኪና ገዝቶ እናቱን በእግር ሰደደ ሊሉኝ ነው» አለ።

ስለቱ ግን ለእሱው የተሳሉት ነበር። ታሞ ሐኪም ተስፋ በቆረጠበት ጊዜ እናቱ «ልጄን ከአልጋ ካነሣሽልኝ፣ ደጅሽን በእግሬ መጥቼ እስማለሁ» ብለው ለአንኮበር ኪዳነ ምሕረት ተሳሉ። ተነሣ። ወፈረ። መኪና ገዛ። አምና ክረምት ስለታቸውን ሊያስገቡ ሄደው ጥቂት ሲቀራቸው፣ ይኸው ልጅ «እማዬ፣ ጭቃውን ብቻ ላሻግርሽ» ብሎ ደግፎ መኪናው ላይ ሰቀላቸው። በእግር የተባለ ስለት ጎማ ከነካው ፈረሰ። ዘንድሮ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንደገና ከቤታቸው ደጃፍ መጀመር ነበረባቸው። አሁን ካልደረሱ፣ ለከርሞ ጉልበታቸው እሺ እንደማይል ያውቃሉ።

ገብረአብ የንስሐ አባታቸውን መምሬ ወልደአረጋይን ይዞ መጣ።

«ልጄ፣ እመቤታችን የምታየው ልብን ነው» አሉ መምሬ። «በመኪናም ብትሄጂ ትቀበልሻለች። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ይሂዱ አባቴ። የእርስዎ ስለት በመኪና ከሆነ ማን ከለከለዎት?»

«እኔ መች ተሳልሁ?»

«እንግዲያው የኔን አያፍርሱብኝ።»

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ወጡ። መኪናው በእሳቸው እርምጃ ልክ ከኋላ ተከተለ፤ ገብረአብ መሪውን ይዞ፣ መምሬ ከጎኑ ተቀምጠው። መንገደኛው ሁሉ አስከሬን የጫነ እየመሰለው ቆቡን ያወልቃል። አንዲት ሴትማ «ማን ሞቶባችሁ ነው?» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«ማንም አልሞተም!» አለ ገብረአብ በመስኮት፣ ላብ እያጠመቀው። ቀጥሎም ወደ እናቱ «እማዬ፣ እባክሽ ትንሽ ፈጠን በይ፤ ሞተሩ ጋለ።»

«አሳርፈዋ! የተሳልሁት እኔ፤ እሱ ምን አስቸኮለው?»

መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አድረው ቀጠሉ። የአንኮበር ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ግን ጉልበታቸው ከዳቸው። አንድ እግር ባወረዱ ቁጥር ቢላዋ የገባበት ይመስላቸዋል። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ገብረአብ የመኪናውን በር ከፈተ።

ወይዘሮ ይመኙሻል በሩን አዩ፤ ቁልቁለቱን አዩ። ብድግ ብለው ፊታቸውን ወደ መኪናው አዞሩና የኋሊት መውረድ ጀመሩ። ጉልበታቸው እንዲህ ሲሆን ቻለ።

«ምነው ልጄ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በጀርባ ይኬዳል?» ብለው ጮኹ መምሬ።

«በእግሬ አልሁ እንጂ ፊት ለፊት አላልሁም፣ አባቴ!»

ገብረአብ እናቱ ፊታቸው በሕመም ተጨምድዶ፣ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ ሳይነቅሉ ሲርቁ ጥቂት አየ። ከዚያ መኪናውን ከነመምሬ አቁሞ ሮጠ።

«ደግፌ ላውርድሽ።»

«እንዳትነካኝ! አምናም በመደገፍ ነው ያበላሸኸው። ድንጋይ ሲኖር ብቻ ንገረኝ።»

ከኋላቸው ሆኖ «ግራ... ቀስ... እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ» እያለ ወረደ። ሰው ቆሞ ያያል፤ ገብረአብ ማን እንደሚያይ ለመመልከት ፋታ አልነበረውም። ተረከዛቸው የቅጥሩን በር ደፍ ሲነካ ወይዘሮ ይመኙሻል ዞሩና ደጁን ሳሙ። ብዙ ቆዩ።

ሲነሡ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«በል፣ አሁን መኪናህን አምጣ» አሉት። «መመለሻዬን አልተሳልሁም።»

መኪናው መምሬን እንደያዘ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ቆሟል። ገብረአብ ዳገቱን ቀና ብሎ አየና በእግሩ መውጣት ጀመረ።